ሁሉም ሰው አንድ ነጥብ ሦስት

ዶክተር ሲራክን ለመናቅ የወሰደብኝ አንድ ወር ነው። ሌሎች የበለጠ ጊዜ ፈጀባቸው፤ እስከ ዛሬ የሚያከብሩትም አሉ።

የሳንባ ስፔሻሊስት ነው። ለአንድ ጥናት በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ ይመጣ ነበር። ነጭ ጋውኑን ምሳ ቤት ድረስ ለብሶት ይሄዳል። እኔ በምሠራበት የግል የምርመራ ማዕከል ሁላችንም ጋውን አለን፤ ሽሮ ፊት ለብሶት የሚቀመጥ ግን እሱ ብቻ ነበር። የመጣ ዕለት የክፍሌ በር ላይ ቆሞ «ተጫኟ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ቁልፍ ተጫኝ ማለቱ ነው። ስሜ ፍረወይኒ ይባላል፤ የራጅና የሲቲ ስካን ባለሙያ ነኝ፤ በሥራው ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ። ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩለትም። «አዎ» አልኩት።

ጥናቱ ስለ ወፍጮ ቤት ሠራተኞች ነበር። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ መርሳና ግራና በሚባሉት ከተሞች፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱቄት ሲተነፍሱ የኖሩ ሰዎች ሳንባቸው ምን ይመስላል የሚል። ጥያቄውን አልናቅኩትም። ሳንባ ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ፣ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ግድግዳቸው በአቧራና በጭስ ሲቆጣ ይወፍራል። ያን ውፍረት በሲቲ ስካን ምስል ላይ በትክክል የለካ ሰው ሕመሙ ሳይብስ ይደርስበታል። የጤነኛ ሰው ትናንሽ ቧንቧዎች ግድግዳ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። የእኛ ማሽን ደግሞ እንደዚያ የቀጠነ ነገር አጥርቶ አያሳይም፤ ያደበዝዘዋል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው።

ዶክተር ሲራክ አልተቸገረም። ላፕቶፑን ይከፍታል፤ ምስሉ ላይ ያለውን ቧንቧ አንዴ ጠቅ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ከቧንቧው መሀል ወደ ውጭ መስመር ይዘረጋል። አየሩ ጥቁር ነው፣ ግድግዳው ነጭ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሳንባ መልሶ ጥቁር። ፕሮግራሙ የንጣቱን ግማሽ ከፍታ ይይዝና ከዚህ እስከዚህ ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። እሱ ቁጥሩን ይጽፋል። የተጫኝነቱን ማዕረግ ለእኔ ሰጠኝ እንጂ ተጫኙ እሱ ነበር።

በዚያ ወር አርባ አንድ ሰው አነሳሁለት። ሁሉንም አንድ በአንድ እየጠራ «ግድግዳህ ወፍሯል» ይላቸው ነበር፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። አንድ የመርሳ ሽማግሌ የቤታቸውን ግድግዳ የጠየቃቸው መስሏቸው «ባለፈው ዓመት ነው ያስመረግኩት፣ ይበቃዋል ብዬ ነበር» ብለው መለሱለት። ይህን ወሬ ምሳ ላይ ለአቶ ወርቁ፣ ለማዕከላችን ባለቤት፣ እየሳቀ ሲያወራ ሰማሁት። አቶ ወርቁም ሳቀ። ሽማግሌው ግን የተነገራቸውን በሚያውቁት ቋንቋ ነው የተረዱት፤ ሳይነግራቸው የነገራቸው የመሰለው እሱ ነው።

በወሩ መጨረሻ አንድ ባጃጅ ነጂ ተገልብጦ፣ ጎድኑን ተጎድቶ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ወፍጮ ቤት እህል አስፈጭቶም አያውቅም። ደረቱን አነሳሁት። ጎድኑ አልተሰበረም። የዶክተር ሲራክ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ነበርና፣ ምን እንደሚል ልየው ብዬ የልጁን ቧንቧ ጠቅ አደረግኩት።

አንድ ነጥብ ሦስት አለ።

ወደ ኋላ ተመልሼ የአርባ አንዱን ሰዎች ዝርዝር አነበብኩ። አንድ ነጥብ ሁለት። አንድ ነጥብ ሦስት። አንድ ነጥብ ሦስት። አንድ ነጥብ አራት። አንድ ነጥብ ሦስት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅና የስድሳ ዓመቱ ሰውዬ አንድ ቁጥር ነበራቸው። ዶክተር ሲራክ ሲገባ ጠበቅኩት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አልኩት። የባጃጅ ነጂውን ምስል አሳየሁት፤ ማን እንደሆነም ነገርኩት።

«እሱም ታሟል ማለት ነዋ» አለ።

«ወፍጮ ቤት ሳይገባ?»

«አቧራ የትም አለ።»

«ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ያለው። ማሽኑ ራሱ ብዥታ አለው። ከብዥታው የቀጠነ ግድግዳ ሁሉ በብዥታው ልክ ነው የሚታየው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆንም አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆንም ፕሮግራሙ የሚለው ያንኑ ነው። እየለካን ያለነው ማሽኑን ነው፣ ሰዎቹን አይደለም።»

ላፕቶፑን ከፊቴ አንስቶ ዘጋው። «ይህን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች የት እንደተማሩ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በይ አንቺ አንሺ። የማነበው እኔ ነኝ።»

የዚያኑ ዕለት መጨረሻ ላይ ውጤቱን ሊሰማ የገባው ደምሴ የሚባል የግራና ሰው ነበር። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ፣ የሰው ወፍጮ በደመወዝ የሚያንቀሳቅስ። ዶክተር ሲራክ የላፕቶፑን ገመድ እየጠቀለለ «ሥራ ቀይር» አለው።

«ወደ ምን ልቀይር?» አለ ደምሴ።

«አቧራ ወደሌለበት።»

ሀብሩ ውስጥ በበጋ አቧራ የሌለበት ሥራ የት እንዳለ ደምሴም እኔም አናውቅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሲያገኘኝ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ «እህቴ፣ አንቺ አንስተሽኛል፤ እውነት ታምሜያለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁጥሩ የማይረባ መሆኑን ከሁለት ሰዓት በፊት በራሴ አፍ ተናግሬአለሁ። ለእሱ ግን «እኔ አላነብም፣ ሐኪሙን ጠይቅ» አልኩት። ደንቡ እንደዚያ ነው። ደንቡን በዚያ ቀን ያስታወስኩት ስለሚመቸኝ ነው።

በሳምንቱ ደምሴ ወፍጮውን ትቶ መሄዱን ሰማሁ።

ዶክተር ሲራክን በወሬ ማሳመን እንደማይቻል ስለገባኝ፣ ውፍረታቸው የሚታወቅ ቧንቧዎች ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ፕሮግራሙ ምን እንደሚል ማየት ፈለግኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ያላቸው ጋሽ ዘረሰናይ ማይክሮሜትር አላቸው፤ የፀጉርን ውፍረት ሳይቀር ይለኩበታል። የጭማቂ መምጠጫ፣ የግሉኮስ ቱቦ፣ የሽንት ቱቦ፣ የእስክሪብቶ ቀፎና አንድ ቁራጭ የውሃ ጎማ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ዘረሰናይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እያንዳንዱን በስለት ቆረጡ፣ አራት አራት ቦታ ለኩ፣ ቁጥሩን በእርሳስ ካርቶን ላይ ጻፉልኝ። የፕላስቲኮቹ ድምቀት በምስል ላይ ስለሚለያይ ከእያንዳንዱ ቁራጭ እያቀለጡ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ድፍን ጉብታም ሠሩልኝ።

«ለማን ነው ይህ ሁሉ?» አሉኝ።

«ለአንድ ዶክተር።»

«እሱ ማይክሮሜትር የለውም?»

«ላፕቶፕ አለው።»

«መሣሪያውን ሳይፈትን ዘንግ የሚለካ ሠራተኛ እዚህ ቤት እስከ ምሳ አይቆይም» አሉ፤ መነጽራቸውን መልሰው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እሑድ ከሰዓት ቱቦዎቹን በፍራሽ ስፖንጅ ውስጥ ሰክቼ፣ ስፖንጁን ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቄ አነሳሁት። ስፖንጅ በምስል ላይ ሳንባ ይመስላል። የጋሽ ዘረሰናይ ካርቶን የመምጠጫው ግድግዳ ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ የግሉኮሱ ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ የሽንቱ አንድ፣ የእስክሪብቶው አንድ ነጥብ ስድስት፣ የጎማው ሁለት ነጥብ ሁለት ይላል። ዶክተር ሲራክ በክፍሌ ኮምፒውተር ላይም የጫነው ፕሮግራም ጎማውን በትክክል ለካ፤ እስክሪብቶውንም በትንሽ ስህተት። ከዚያ በታች ያሉትን ሦስቱንም አንድ ነጥብ ሁለትና አንድ ነጥብ ሦስት አላቸው። መምጠጫውን ስድስት እጥፍ አወፍሮታል። በዶክተር ሲራክ አለካክ የጭማቂ መምጠጫም ሕመምተኛ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ አንብቤ ነበር። ብዥታ ንጣቱን ያሰፋዋል እንጂ አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም። ስለዚህ የንጣቱን ስፋት ትቶ ጠቅላላውን መደመር፣ ከዚያ ለድፍኑ ነገር ድምቀት ማካፈል ነው። በቱቦዎቹ ላይ ሞከርኩት። ግሉኮሱ ዜሮ ነጥብ ስድስት ሆነ፣ የሽንቱም አንድ። በመምጠጫው ላይ ትንሽ ሳተ፣ ግን መምጠጫውን ከሽንት ቱቦው ጋር አላምታታም። አንድ ሳምንት ሙሉ እረፍት ሳገኝ የአርባ አንዱን ሰዎች ምስል በዚህ መንገድ ደግሜ ለካሁ። አብዛኛው ከአንድ በታች ወረደ። የጥቂቶቹ አልወረደም። ከሁሉ የገዘፈው የመርሳዋ የእማማ ዓቢዳ ነበር፤ አንድ ነጥብ አራት። ዶክተር ሲራክ ቀደም ብሎ አንድ ነጥብ አምስት ብሏቸው «ከሌሎቹ አይለዩም» ብሎ መልሷቸዋል። ሁሉን ሰው አሳምሞ፣ እውነተኛዋን ሕመምተኛ መሀላቸው ደበቃት።

ቅዳሜ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ። በመንገዱ ላይ ስለ እሱ ሳስብ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። ሰውን መናቅ፣ በማስረጃ ሲሆን፣ ያሞቃል።

እማማ ዓቢዳ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ወፍጮውን በራሳቸው ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ሻሻቸው፣ ቅንድባቸው፣ የእጃቸው ፀጉር ሳይቀር ነጭ ነበር። ሞተሩን አስቁመው ከማንጎው ሥር በርጩማ ሰጡኝ። ደረጃ እንደወጣ ሰው በሁለት ቃል መሀል ያርፉ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ስለ ብዥታውም እንደምንም አስረዳኋቸው።

«ገባኝ» አሉ። «ዱቄት ነው። መሬት ላይ ሲፈስ ይሰፋል፤ ስፋቱን አይቶ ኩንታል ነው የሚል ሰው ሞኝ ነው። ሰብስቦ ሚዛን ላይ ማውጣት ነው።»

ለዶክተር ሲራክ ማስረዳት ያቃተኝን እሳቸው በአምስት ደቂቃ ተረዱኝ።

«እና የእኔ ሚዛን ላይ ወጥቶ ነው?»

«አዎ እማማ። የእርስዎ እውነትም ወፍሯል። ደሴ ሄደው መታከም አለብዎት።»

ድምፃቸውን ሳይቀይሩ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «እዚያ ስንተኛ፣ በዚያ በሚጮኸው ነገር 'ያዙ' ትይን ነበር። ምኑን ነው የምንይዘው?»

«ትንፋሽ ነዋ። መጀመሪያ አየር ይሳቡ፣ ከዚያ ያዙ ነው የምለው።»

«ይሳቡ የሚል አልሰማሁም። 'ያዙ' ብቻ። እኔ በባዶው ያዝኩት። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ጎረቤቴ የአልጋውን ጠርዝ ነው የያዝኩት ብሎኛል። አንዷ ደግሞ አፏን በእጇ።»

ሳንባ አየር ሲሞላ ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል፤ ሳይሞላ የተነሳ ሰው ቧንቧው ይጠብባል፣ ግድግዳው ይወፍራል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔ ደግሞ በሥራ ማስታወሻዬ ላይ፣ ከአሥራ ምናምን ሰዎች ስም ጎን፣ «ትእዛዝ አይሰሙም» ብዬ ጽፌአለሁ። ገጠሬ ናቸው፣ አይገባቸውም ብዬ ነበር። ዶክተር ሲራክ ምሳ ላይ የሚለውን እኔ በጽሑፍ አስፍሬዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ራሴ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ተኛሁ። እንግዳ ተቀባይዋን ሩትን ከመስታወቱ ጀርባ አስቀምጬ እኔ እንደማደርገው ማይኩን ተጭና በፍጥነት እንድታዝዘኝ ነገርኳት። ማይኩ እስኪከፈት አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ወደ እኔ የደረሰው «ያዙ» ብቻ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሰው ሳስተኛ አንድም ቀን በዚያ በኩል ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ምስሎቹን እንደገና መረመርኩ። ከአርባ አንዱ አሥራ አራቱ አየር አልሳቡም። እነሱ በየትኛውም ዘዴ ቢለኩ ቁጥራቸው አይታመንም። ደምሴ አሥራ አራቱ ውስጥ ነበር። እማማ ዓቢዳም። ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ሁለተኛ ጨረር ውስጥ አላስገባም፤ እሳቸው ግን በግልጽ የታመሙ ናቸውና፣ ማዕከሉ ውስጥ ያለ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ካያቸው በኋላ ደግሜ አነሳኋቸው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ ተነፈስኩ፤ ሳብ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፣ አምስት ጊዜ። ቁጥሩ ከአንድ ነጥብ አራት ወደ አንድ ነጥብ ሦስት ወረደ፤ ከዚያ በታች አልወረደም። ደሴ ተላኩ፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ጀመሩ። ከሁለት ወር በኋላ ሲደውሉልኝ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ ጨረሱት።

ዶክተር ሲራክ ውጤቱን ያቀረበው ወልድያ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። ከጤና ቢሮ የመጡ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ፣ ከፊት ረድፍ አቶ ወርቁ በሱፍ። ከወፍጮ ቤት የመጣ ማንም አልነበረም፤ አልተጠሩም። «ከአርባ አንድ ተሳታፊዎች አርባ አንዱም» እያለ አቀረበ። ማንም ሰው ይህ ቁጥር እንዴት እንዲህ ሞላ ብሎ አልጠየቀም። ሰው ጭብጨባውን በቁጥሩ ግዝፈት ነው የሚሰጠው።

እጄን አነሳሁ። የራሴን ስህተት አስቀድሜ ተናገርኩ፤ ማይኩን፣ አሥራ አራቱን ሰዎች። ከዚያ ቱቦዎቹን ከፌስታል አውጥቼ የጋሽ ዘረሰናይን ቁጥርና የፕሮግራሙን ቁጥር ጎን ለጎን አነበብኩ።

ዶክተር ሲራክ እስክጨርስ ጠበቀ። በጣም በትሕትና። «እናመሰግናለን» አለ። «እንደሰማችሁት ባለሙያዋ ታካሚዎቹን በትክክል አላስተነፈሰችም። በዚህ አካባቢ ስንሠራ የሚያጋጥመን የሰው ኃይል ችግር ይህ ነው። ጥናቱ ይህን ችግር ተቋቁሞም ግልጽ ውጤት አሳይቷል። ስለ ባልዲው ደግሞ፣ ባልዲ ሳንባ የለውም።»

ሰው ሳቀ። አቶ ወርቁ በመውጫው ላይ ክንዴን ይዞ «እንግዳ ፊት አዋረድሽን፤ ለጊዜው ዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ» አለኝ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ብቻ ደረጃው ላይ ቆማ የቱቦዎቹን ቁጥር ቀዳች፤ ከዚያ እሷም ሄደች።

ፈቃዴን ጨርሼ ተመለስኩ። ሌላ ሲቲ ስካን የሚያነሳ ሰው አልነበራቸውም፤ ወደ ሥራዬ የመለሰኝ ይህ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ከአምስት ወር በኋላ ስልኬ ጠራ። «ፍሬዬ» አለ ዶክተር ሲራክ። ስሜን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። «ጠፋሽ እኮ። ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?» ስለ ቤተሰቤ ጠይቆኝ አያውቅም። የጥናቱን ጽሑፍ የላከለት መጽሔት መልሶ ጠይቆት ነበር፤ መለኪያችሁን ውፍረቱ በሚታወቅ ነገር ላይ ፈትናችኋል? ታካሚዎቹ አየር ሞልተው መነሳታቸውንስ በምን አረጋገጣችሁ? «ያንን የባልዲውን ነገር ትልኪልኛለሽ ብዬ ነው። ስምሽንም እናስገባለን።»

«እሰጥሃለሁ» አልኩት። «መርሳ መጥተህ ለሰዎቹ ራስህ ከነገርካቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ያልካቸው ልክ እንዳልነበረ።»

ብዙ ተከራከረ። በደብዳቤ ይሁን አለ፣ በጤና ጣቢያው በኩል ይሁን አለ። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም። በመጨረሻ መጣ። አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በእማማ ዓቢዳ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሃያ ስድስት ሰው መጣ። ደምሴም ሐራ ላይ ሽንኩርት ከሚጭንበት ሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ነበር። ከስቷል። ዶክተር ሲራክ ጋውኑን አልለበሰም።

መጀመሪያ እኔ ተነሳሁ። በማይኩ ስህተት የእኔ ጥፋት የነካቸውን አሥራ አራት ሰዎች በስም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ እሱ ተነሳ። «በሳይንስ ውስጥ ግኝቶች በየጊዜው ይሻሻላሉ» ብሎ ጀመረ። «የመለኪያ ዘዴዎች የራሳቸው ውስንነት አላቸው» አለ። «በአማካይ ሲታይ ሁኔታው ከተገመተው የተሻለ ነው» አለ። ሰዎቹ በትዕግሥት አዳመጡት። ዝናብ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚመለከቱት።

ደምሴ ተነሳ። «እኔ ታምሜያለሁ ወይስ አልታመምኩም?»

«እንግዲህ በአማካይ ካየነው ...»

«ስለ እኔ ነው የጠየቅኩት።»

ዶክተር ሲራክ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ልረዳው አልቻልኩም። «ደምሴ» አልኩት፣ «አላውቅም። አየር ሳትስብ ነው ያነሳሁህ። ወልድያ ከመጣህ በትክክል አነሳሃለሁ።»

«ሁለታችሁም አታውቁም ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ሥራ ቀይር ስትሉኝ ታውቁ ነበር ወይ?»

ደምሴ ይህን ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። የወፍጮው ባለቤት ሌላ ሰው ከቀጠረ ቆይቷል።

እማማ ዓቢዳ ለዶክተሩ በሳህን የተቆረጠ ማንጎ አቀረቡለት። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀውም፤ ማንም አልተቆጣውም። ስለ ከብት ዋጋና ስለ መንገዱ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ፤ እሱ መሀላቸው ተቀምጦ ማንጎውን በላ። እስከዚያን ዕለት አንቱ ሲሉት የኖሩት ሴት በሩ ድረስ ሸኙትና «በል ልጄ፣ ሂድ» አሉት፤ እጃቸውን አልሰጡትም።

በመኪናው እስከ ወልድያ አብረን እንድንሄድ ጠየቀኝ። ገባሁ፤ የቱቦዎቹን ቁጥሮች በፍላሽ ሰጠሁት። ስሪንቃን ስናልፍ መስኮቱን ከፈተና «ከባድ ነው» አለ። «ሳይንስ የማይገባው ሕዝብ ነው።»

ሾፌሩን አቁምልኝ አልኩት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ ዶክተር ሲራክ።

«ምንም» ብዬ ወረድኩ። መንገድ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። በሕይወቴ እንደዚያ ሃያ ደቂቃ ሳልቸኩል ቆሜ አላውቅም።

ጽሑፉ በሃያ ሰባት ሰው ወጣ። ድምዳሜው ተገልብጧል፤ ከሃያ ሰባቱ ሃያ ሁለቱ ጤነኞች ናቸው፣ አምስቱ ክትትል ያስፈልጋቸዋል ይላል። አምስቱን ሰዎች እኔ በግሌ አግኝቼ ደሴ ልኬአቸዋለሁ፤ ጽሑፉ ስለዚያ አያወራም። ስሜ ከስሞቹ መሀል ሰባተኛው ነው፤ ከሁለት ፊደል ስህተት ጋር። አላሳረምኩትም። አሁን ማንንም ከማንሳቴ በፊት አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው እተነፍሳለሁ፤ አቶ ወርቁ ጊዜ ታባክኛለሽ ይለኛል።

ለደምሴ ቀጠሮ ይዤ ሁለት ጊዜ ሰው ላክሁበት። በመጀመሪያው ሥራ አለብኝ አለ። በሁለተኛው የላክሁት ሰው «ኩንታሉን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ መኪናው ሄደ» አለኝ።